በስጦታ የመጣችው ሽጉጥ

ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈውታል። የአጎቴ ልጅ ሽጉጥ ገዛ። ፈቃዱን አውጥቶ፣ ወይፈን ሸጦ ያስቀመጣትን ብር ቆጥሮ፣ ከርካሾቹ ሁሉ ርካሿን መርጦ ነው የገዛት። ከጎንደር ተነስቼ ደባርቅ፣ ከደባርቅም አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ተጉዤ እነሱ ቤት ስደርስ የመንደሩ ጎረምሳ በሙሉ ግቢው ውስጥ ተኮልኩሏል። ገና በሩን ገፋ ሳደርግ፣ የእግዜር ሰላምታ እንኳን በቅጡ ሳንለዋወጥ፣ ሽጉጧን መዳፌ ላይ አስቀመጣት። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ እጄን ይዞ ወደ በሩ ይጎትተኛል። ልጁ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ብረታ ብረት ይማራል፤ ለግቢው በር ራሱ የሠራውን ማጠፊያ ሊያሳየኝ ፈልጎ ነው። በኋላ አየዋለሁ ብዬው አለፍኩ። ሽጉጥ እያለ ማጠፊያ ማን ያያል?

የመጀመሪያ ስሜቴን ልንገራችሁ። ቀላል ናት፤ ሽጉጥ የያዝኩ እንጂ ብረት የያዝኩ አልመሰለኝም። እጀታዋ ፕላስቲክ ነው፤ ላብ ሲነካው ያንሸራትታል። ቃታዋ ይከብዳል። ስትስቡት መሃል ላይ ይይዝና፣ ተስፋ ልትቆርጡ ስትሉ ድንገት ይለቃል። ካብ ላይ አንድ የተሰበረ ቅል አስቀመጥን። ከጀርባው ሰውም ከብትም የሌለበት ዳገት ነው። ሃያ እርምጃ ራቅ ብለን ኢላማ ገጠምን። የእኔ የመጀመሪያዋ ከቅሉ በላይ ሄደች፤ ሁለተኛዋ ወደ ግራ። ሦስተኛዋ የት እንደገባች ዳገቱ ይወቀው። ባለቤቷ በአምስተኛው ቅሉን አገኘው፤ ጎረምሳው ሁሉ ጮኸ። ጥይት ውድ ነውና ጨዋታው እዚያው ቆመ።

ከዚያ አንድ ሦስት ጥያቄ ጠየቅኩት። የት አገር ነው የተሠራችው? ጎኗ ላይ የተቀረጸውን የባዕድ ፊደል አገላብጦ አየና መለሰልኝ፤ ሽጉጧን ማለቴ ነው፣ መልሱን አይደለም። ብትበላሽስ ማን ይጠግናታል? ትከሻውን ነቀነቀ። ጥይቷ ከገበያ ቢጠፋስ? ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ወደ ጎንደር ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ስልኬን አወጣሁ። አንዱ ጓደኛዬ የፕሮፋይል ፎቶውን ቀይሯል፤ ሦስት ሹሩባ፣ የሚወጋ ዓይን። አፄ ቴዎድሮስ። ከፊቴ የተቀመጠው ልጅ ቲሸርት ላይም ያው ፊት አለ። ያኔ ነው የገባኝ። የዚህ ሰው የመጨረሻ ሽጉጥም ጎኗ ላይ የባዕድ ፊደል ነበረባት። ልዩነቱ፣ እሱ አልገዛትም። በስጦታ ነው የመጣችለት። እስቲ ታሪኩን ከሥሩ እንየው። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አንቱም አልለውም፤ የቋራውን ካሳ አንቱ የሚል የአገሬ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. አካባቢ ቋራ ተወለደ። አባቱን በልጅነቱ አጣ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ኑሮ ከብዷቸው ጎንደር ገቡ። በኋላ ጠላቶቹ ሊያዋርዱት ሲፈልጉ የሚያነሱበት የእናቱን ነገር ነበር፤ የኮሶ ሻጭ ልጅ ነው እያሉ። ትምህርት እንዲማር ገዳም ገባ። እዚያም ሰላም አላገኘም፤ በጦርነት የተሸነፈ መኳንንት ገዳሙን ወርሮ የባላጋራዎቹን ልጆች ፈጀ። ካሳ ከሞት አመለጠ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ጎንደር ላይ ንጉሥ ተብሎ የሚቀመጥ አለ፣ ሥልጣኑ ግን የባለ ጦሮቹ ነው። ካሳ በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት ውጊያ ተማረ። ክንፉ ሲሞቱ ርስቱ ለሌላ ሄደ። እሱም ቋራ በረሃ ወርዶ ሸፈተ።

ሽፍታው ገነነ። እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ አሊ በጦር ሲያቅታቸው በጋብቻ ሊይዙት ሞከሩ፤ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ከሚስቱ ጋር ፍቅሩ የእውነት ሆነ፤ ከአማቶቹ ጋር ግን አልሆነም። በ1839 ዓ.ም. ጎንደርን ያዘ፤ ሊወጉት የመጡትን እቴጌ መነንንም ማረካቸው። ለመፈታታቸው ሲባል ግዛቱ ጸናለት።

እስከዚህ ድረስ ካሳ የሚያሸንፈው በድፍረትና በፍጥነት ነው። በ1840 ዓ.ም. ግን ወደ ሱዳን ጠረፍ ወርዶ ደባርቂ በሚባል ቦታ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። ደባርቅ አላልኩም፤ ደባርቂ። በቁጥር የሚያንሰው ጠላት ምሽጉን አጥሮ፣ መድፉን ጠምዶ፣ ሰልፉን ጠብቆ ነው የጠበቀው። የካሳ ሰዎች እንደለመዱት ፎክረው ገቡ፤ መድፉ አጨዳቸው። ጀግንነት አልጎደለም። የጎደለው ዕውቀት ነው፤ ብረቱን የሚሠራና የሚያዝዝ ዕውቀት። ያቺ ሽንፈት ከውስጡ የወጣች አይመስለኝም። ቀሪ ዘመኑን በሙሉ ሲያሯሩጠው የኖረው የደባርቂ መድፍ ድምፅ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሩጫ እንደ ፊልም ነው። በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን ጣለ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አይሻል ላይ አማቹን ራስ አሊን አሸነፈ። የቀሩት የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ናቸው። ውቤ የቀላል ሰው አይደሉም፤ ትግሬን ስለሚገዙ በምጽዋ በኩል የሚገባውን ጠመንጃ የሚያገኙት እሳቸው ነበሩ። በጠመንጃ ብዛት ቢሆን ኖሮ ንጉሥ የሚሆኑት ውቤ ነበሩ። ጭራሽ ሊነግሡባት ብለው ስሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያምን አሠርተው ጨርሰዋል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ውጊያ ሆነ፤ ውቤ ተማረኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ዘውዱን ጫኑ፤ በካሳ ራስ ላይ። ስሙም ቴዎድሮስ ተባለ።

እዚህ ላይ ቆም በሉና አንድ ነገር አስቡልኝ። ካሳ ጠመንጃ የገዙትን ሰው አሸንፎ ነው የነገሠ። ስለዚህ የተገዛ ጠመንጃ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ከማንም በላይ ያውቃል። ነጋዴው እጁን ሲሰበስብ፣ ወይም ምጽዋን የያዘው ቱርክ በሩን ሲዘጋ፣ የገዛኸው ሁሉ ዱላ ይሆናል። የፈረስ ስሙ አባ ታጠቅ ነው፤ መታጠቅ ማለት ግን ለእሱ መግዛት ብቻ አልነበረም። መሥራት ነበር።

ለዚህ ነው ወንጌል ሊሰብኩ ከአውሮፓ የመጡትን ሚሲዮናውያን ያልጠበቁትን የጠየቃቸው። የእጅ ሙያ ስላላቸው ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በምትባል ኮረብታ ላይ አስፈራቸው። መንገድ እንዲቀይሱ፣ ጋሪ እንዲሠሩ፣ በመጨረሻም መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዘ። ሰዎቹ መድፍ ሠርተን አናውቅም ቢሉ የሚሰማ ጆሮ አላገኙም። ሞከሩ፣ ከሸፈባቸው። ደግመው ሞከሩ። የአገር ልጆችም ከጎናቸው ሆነው ምድጃና ወናፍ እየያዙ ሥራውን ለመዱ።

አሁን ወደ ሽጉጧ እንምጣ። ፕላውደን የሚባል የእንግሊዝ ቆንሲል የቴዎድሮስ ወዳጅ ነበር። በ1852 ዓ.ም. ጎንደር አቅራቢያ ሽፍቶች አቆሰሉት፤ ቴዎድሮስ ገንዘብ ከፍሎ አስለቀቀው፣ ሰውዬው ግን ከቁስሉ አልዳነም። ንግሥት ቪክቶሪያ ለዚህ ውለታ ምስጋና አዲሱን ቆንሲል ካሜሮንን ስጦታ አስይዛ ላከች። በ1855 ዓ.ም. ስጦታው ቴዎድሮስ እጅ ገባ፤ ሽጉጥ። ብር ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ለፕላውደን ለተደረገው ደግነት ትንሽ የምስጋና ምልክት መሆኑን ይናገራል።

እስቲ ያንን ቅጽበት ከእኔ ጋር አስቡት። የዚያ ዘመን ሽጉጥ እንደ አሁኑ ካርታ ጎርሶ የሚተፋ አይደለም። ብዙዎቹ ባሩዱም አረሩም በአፈሙዝ ነው የሚገባላቸው፤ በዘንግ ይጠቀጠቃል፣ ከኋላ ትንሽ የመዳብ ቆብ ይደረጋል፣ መዶሻው ቆቡን ሲመታ እሳቱ ይነሳል። የንግሥት ስጦታ ነውና ሥራው ያማረ ነው። እኔ የአጎቴን ልጅ ሽጉጥ ስይዝ ቀለለችብኝ፤ እሱ ያቺን ሲይዝ ከብዳው ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ጎበዝ ሠራተኛ ያበጃትን ብረት፣ ምድጃ ፊት ቆሞ የብረትን ጣጣ ያየ ሰው ነው የሚያገላብጣት። እጁ ላይ ያለችው የሥራው ውጤት ነች። እሱ የሚፈልገው ደግሞ ሠራተኛውን ነው።

በዚያው ዓመት ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፈ። ወዳጅነት ጠየቀ፣ መልእክተኞች ልላክ፣ ቱርክ መንገድ ዘግቶብኛል የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ መልስ ሳይሰጠው አንዱ ቢሮ ተረስቶ ቀረ። እናንተ ሜሴጅ ልካችሁ ሰማያዊ ምልክቱን አይታችሁ መልስ ስታጡ ምን እንደሚሰማችሁ አስቡ፤ ይኼኛው ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ነው። በ1856 ዓ.ም. ካሜሮንን አሰረ፤ ቀጥሎም ሌሎች አውሮፓውያንን። በ1858 ዓ.ም. ራሳም የሚባል መልእክተኛ የንግሥቲቱን ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ ነገሩ የሚበርድ መሰለ። ቴዎድሮስ ያኔ ፍላጎቱን በግልጽ አወጣው፤ መድፍና ጠመንጃ የሚሠሩ ባለሙያዎች ላኩልኝ አለ። ፍላድ የሚባለውን ሚሲዮናዊ ለዚሁ ወደ እንግሊዝ ላከው፤ ራሳምንም ከእስረኞቹ ጋር ያዘው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይኼ ነው፤ ባለሙያዎቹ ተቀጥረው፣ መሣሪያቸውን ይዘው ምጽዋ ድረስ መጥተው ነበር። እንግሊዞች መጀመሪያ እስረኞቹን ልቀቅ አሉ፤ ቴዎድሮስ መጀመሪያ ባለሙያዎቹ ይምጡ አለ። ሁለቱም አንዱ ሌላውን አላመነም። ባለሙያዎቹ ባሕሩ ዳር ተቀምጠው ጠብቀው ጠብቀው ወደ መጡበት ተመለሱ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ሽጉጧ ዘልቃ ገባች፤ ሽጉጥ ሠሪው ከደጅ ተመለሰ።

የጎንደር ልጅ ነኝና የምሸሽገው ነገር የለም። በዚያ መሃል ቴዎድሮስ ከገዛ አገሩ ጋርም ተጣልቶ ነበር። ለወታደሩ ደመወዝ ለመክፈል የቤተ ክህነትን መሬት ነካ፤ ካህናቱ ከዱት። በየአቅጣጫው ዐመፅ ተነሳ። ቅጣቱ እየከፋ፣ ሰዉ እየራቀው ሄደ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘረፈ፣ አቃጠለ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ነደዱ። እናቱ ያሳደጉባትን ከተማ ነው ያቃጠለው። ቲሸርቱ ላይ ያለው ፊት ይህንንም አድርጓል። እንወደዋለን፤ ግን ሙሉውን ሰው ነው መውደድ ያለብን እንጂ ፎቶውን ብቻ አይደለም። መሥሪያ ቤት ቢኖርህ፣ መድፍም ቢቀልጥልህ፣ ሕዝቡ ካልተከተለህ ዋጋ የለውም። ይኼኛውን ትምህርት ጋፋት አላስተማረችውም።

ጋፋት ግን ሥራዋን ሠራች። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ተሠርቶ ወጣ። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ መድፉን ይዞ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመረ። መንገድ የለም፤ እየሠሩ ነው የሚሄዱት። ድንጋይ ይፈነቀላል፣ ገደል ይቆረጣል፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው ገመድ ይጎትታል፤ ንጉሡም በእጁ ድንጋይ ያነሳል። መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ሆኗል። ወደ ስድስት ወር ማለት ነው።

ከባሕሩ በኩል ደግሞ ጄኔራል ናፒየር እየመጣ ነው። ወደ 13 ሺህ የሚጠጋ ወታደር፣ መድፍ የተሸከሙ 44 ዝሆኖች፣ ስፍር ቁጥር የሌለው በቅሎና ግመል። ወታደሮቹ ስናይደር የሚባለውን አዲስ ጠመንጃ ይዘዋል። ይህ ጠመንጃ በአፈሙዝ አይጎርስም፤ ባሩዱና አረሩ በአንድ ቀለህ ታሽጎ ከኋላ ይገባል። የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ አሥር ጊዜ ያህል ይተኩሳል። በአፈሙዝ የሚጎርሰው ሁለት ሦስቴ ቢተኩስ ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት እሮጌ ሜዳ ላይ ተገናኙ። ፊታውራሪ ገብርዬ የንጉሡን ጦር ይዞ ከአምባው ወረደ። ዝናብ ይዘንባል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ወደ 700 የሚሆን የእኛ ሰው ሞቶ ነበር፤ ገብርዬም ከመካከላቸው። ከእንግሊዝ ወገን የሞተው ሁለት ሰው ነው። ደባርቂ ደግማ መጣች፤ ሃያ ዓመት ቆይታ፣ ሜዳው ላይ።

ቴዎድሮስ እስረኞቹን ለቀቀ። ለፋሲካም ከብት ላከ፤ ዕርቅ የሆነ መስሎት። ናፒየር ግን የሚፈልገው እጁን እንዲሰጥ ነው። ሚያዝያ 6፣ የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ እንግሊዞች የመቅደላን በር ሰብረው ወጡ። አብሮት የቀረው ሰው ጥቂት ነው። እነሱንም አሰናበተ። ከዚያ ያቺን ሽጉጥ አወጣ፤ የምስጋና ምልክቷን። አፈሙዟን አፉ ውስጥ አድርጎ ቃታዋን ሳበ። ወታደሮቹ ሲደርሱ ብሯ ላይ የተቀረጸውን የንግሥታቸውን ስም አነበቡ።

በነጻ የመጣች ሽጉጥ ነበረች። ሒሳቡ ሲሰላ ግን ይኸው። ለእንግሊዝ ዘመቻው ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ። ለእኛ ደግሞ ንጉሡ፣ በመቶ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት፣ ዘውድና ጽዋ ሄዱ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ተወስዶ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞተ፤ ዛሬም ዊንዘር ነው የተቀበረው። ከአስከሬኑ የተቆረጠችው ሹሩባ እንኳን የተመለሰችው በ2011 ዓ.ም. ነው። የጋፋት ባለሙያዎችም ከናፒየር ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ ምድጃው ጠፋ። ለእኔ ከዘውዱ ይልቅ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ዘውድ ሊመለስ ይችላል። የጠፋ ምድጃ ግን እንደገና ካላነደዱት አይመለስም።

ፒያሳ ሐውልቱ አጠገብ ከሚኒባሱ ስወርድ ይህ ሁሉ በጭንቅላቴ ይዞራል። ቀና ብዬ አየሁት፤ ብዙ ጊዜ አልፌው ሄጃለሁ፣ የዚያን ቀን ግን ቆምኩ።

ሁለት ወር እንኳን ሳይሞላ የአጎቴ ልጅ ደወለ። ሽጉጧ ጥይት ነክሳ አልተፋ ብላለች። ጎንደር የሚጠግን ሰው አፈላልግልኝ ነው ጥያቄው። አፈላልጌ ነበር፤ የጠየቅኩት ሁሉ መለዋወጫ የለውም አለኝ። ይህንኑ ነገርኩት። ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝምብኝ ስለ ግቢው በር ማጠፊያ ጠየቅኩት። በጣም ገረመው። ደህና ነው፣ ሳይንጫጫ ይከፈታል ይዘጋል፣ ጎረቤቶቹም ለእኛም ሥራልን እያሉት ነው አለኝ።

በሚቀጥለው ስሄድ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ሽጉጧ በኋላ ትደርሳለች።